ኦቶራይኖላሪንጎሎጂን ከጭራው ያዢው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የነርሲንግ ተማሪ ናት። ለተግባር ልምምድ ከአንገት በላይ ክፍል ተመድባለች። በሚቀጥለው ሳምንት በእንግሊዝኛ ገለጻ ታቀርባለች፤ ርዕሷ ውስጥ «ኦቶራይኖላሪንጎሎጂ» የሚል ቃል አለ። እንዲህ ትላለች፦ «መዝገበ ቃላቱ ቃሉን በነጥብ ስምንት ቦታ ከፍሎታል። ከጎኑ ያለው የአነባበብ ምልክት ግን ዘጠኝ ያደርገዋል። የቱን ልመን? ጠንከር ተደርጎ የሚነበበውስ የቱ ጋ ነው? ጓደኞቼ ‹ሎ› ላይ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ መሃል ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል።»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ቃሉ ዘጠኝ ቀለም አለው፦ ኦ፣ ቶ፣ ራይ፣ ኖ፣ ላ፣ ሪን፣ ጎ፣ ለ፣ ጂ። ትልቁ ጫና «ጎ» ላይ ነው። «ሎ» ላይ አይደለም። እንዲያውም በእንግሊዝኛው አነባበብ «ሎ» የሚባል የለም፤ ደክሞ «ለ» ሆኗል። መዝገበ ቃላቱም አልተሳሳተም። ነጥቦቹና የአነባበብ ምልክቱ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው።

ቀለም ያልኩት በግጥም ትምህርት የምናውቀውን ቀለም ነው። የወል ቤት ስንኝ ስንቆጥር ስድስት ስድስት እያልን እንከፍለው የለ? ያው ነው። አንድ የሚሰማ አናባቢ ባለበት አንድ ቀለም አለ። አንዳንድ የሰዋስው መጽሐፍ ክፍለ ቃል ይለዋል።

ከነጥቦቹ እንጀምር። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ነው። በአሜሪካ መዝገበ ቃላት ዋናው ቃል መሃል የምታያቸው ነጥቦች ለአፍ አልተቀመጡም። ለኅትመት ነው የተቀመጡት። ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ደርሶ ቦታ ሲያልቅበት፣ የት ላይ ሰረዝ ገብቶለት ቀሪው ወደ ታች እንደሚወርድ ነው የሚነግሩሽ። በኅትመት ደንብ አንዲት ፊደል ብቻዋን መስመር ጫፍ ላይ ቀርታ ቀሪው ቃል አይወርድም። ለዓይን ጥሩ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ «ኦ» ብቻዋን አትቆረጥም። ከ«ቶ» ጋር ሆና «ኦቶ» አንድ ቁራጭ ተቆጠረች። ስምንት የሆነው ለዚህ ነው። አፍሽ ግን መስመር የለውም። «ኦ» ብሎ፣ ከዚያ «ቶ» ይላል። ዘጠኝ!

ሌላም ልዩነት ሳታዪ አልቀረሽም። ነጥቦቹ መሃሉን «ላር – ይን» ብለው ይከፍሉታል፤ የአነባበብ ምልክቱ ደግሞ «ላ – ሪን» ይላል። በእንግሊዝኛ የጽሕፈት ልማድ አጭር አናባቢ ጫና ሲኖርበት ከኋላው ያለውን ተነባቢ ወደ ራሱ ይስባል። በአፍ ሲነገር ግን «ር» ወደሚቀጥለው አናባቢ መንሸራተት ይወዳል። ይህቺ «ር» የየትኛው ቀለም ናት በሚለው የሥነ ድምፅ ምሁራን ራሳቸው አይስማሙም። አንቺ በዚህ አትጨነቂ። ሁለቱም አከፋፈል በጆሮ ሲሰማ አንድ ነው።

እንግሊዞችና አሜሪካኖችም በመስመር አቆራረጥ ይለያያሉ። የእንግሊዝ አታሚዎች በልማድ የቃሉን ዘር ያያሉ፤ የአሜሪካኖቹ አነባበቡን ይከተላሉ። ዴሞክራሲ የሚለውን ቃል አንዱ «ዴሞ – ክራሲ» ብሎ ሲቆርጠው ሌላው «ዴሞክ – ራሲ» ይለዋል። ስለዚህ ሁለት መዝገበ ቃላት ባይስማሙ አይግረምሽ። ለአነባበብ ስትፈልጊ በቀጥታ ወደ አነባበብ ምልክቱ ሂጂ። ነጥቦቹን ለሚጽፍ ሰው ተዪለት።

አሁን ቃሉን በትርጉም እንፍታው። በትርጉም መክፈልና በቀለም መክፈል የተለያየ ሥራ መሆኑን ካየሽ ግማሹ ፍርሃት ይለቅሻል። ቃሉ ከግሪክኛ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። «ኦቶ» ጆሮ ነው። «ራይኖ» አፍንጫ ነው። አውራሪስን ፈረንጆቹ ራይኖሰረስ የሚሉት አፍንጫው ላይ ቀንድ ስላለው ነው። «ላሪንጎ» ማንቁርት ነው፤ ድምፃችን የሚወጣበት። «ሎጂ» ጥናት ነው፤ እኛ «ሥነ» የምንለውን ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ያ ሁሉ ርዝመት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ማለት ነው። የኛ ሰው «ከአንገት በላይ» ብሎ በሁለት ቃል ገላገለን። እኔ ይህን ስም በጣም ነው የምወደው። እናቶች ሳይቀሩ ሰምተው የሚረዱት ስም ነው።

ላሪንግ የማንቁርት ዘር ነው። ሎጂ የጥናት። መሃላቸው ያለችው «ኦ» ግን የማንም አይደለችም። ማያያዣ ናት። በግዕዝ «ቤተ መንግሥት» ስንል «ቤት» መጨረሻዋ ወደ «ተ» እንደሚዞረው፣ ሁለቱን ቃል ለማጣበቅ የገባች ድምፅ ናት። የራሷ ትርጉም የላትም። እንግዲህ እዪው፦ የቃሉን ትልቁን ጫና የምትሸከመው ይህቺ ትርጉም የሌላት ማያያዣ ናት። «ጎ» ያልኩሽ እሷን ነው። ከላሪንግ የመጣው ግ እና ማያያዣዋ ኦ ተገናኝተው «ጎ» ሆኑ። በትርጉም ብትቆርጪው «ላሪንግ – ኦ – ሎጂ» ነው። በአፍ ብትቆርጪው «ላ – ሪን – ጎ – ለ – ጂ» ነው። ተማሪዎች «ሎ» ላይ የሚጫኑት ትርጉሙን ስለሚያስቡ ይመስለኛል። ጥናት የሚለው ክፍል ዋናው ነው ብለው እሱን ያጎላሉ። እንግሊዝኛ ግን ጫናን በትርጉም አያድልም። እዚህ ላይ የሚወስነው የቃሉ ጭራ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በ«ኦሎጂ» የሚያልቅ ቃል ምንም ያህል ይርዘም፣ ጫናው ከኋላ ሦስተኛው ቀለም ላይ ነው። ባዮሎጂ «ባይ – ኦ – ለ – ጂ» ነው፤ «ኦ» ላይ ተጫኚ። ካርዲዮሎጂ «ካር – ዲ – ኦ – ለ – ጂ» ነው፤ አሁንም «ኦ»። ጋይነኮሎጂ «ኮ» ላይ። ደርማቶሎጂ «ቶ» ላይ። ከጭራው ሦስት ቁጠሪና እዚያ ጫኚ። በአማርኛ ስናወራ «ባዮሎጂ» ብለን «ሎ»ን ሙሉ ብናወጣት ምንም ጥፋት የለውም፤ የአማርኛ ቃል ሆኗልና። በእንግሊዝኛ ስትናገሪ ግን ሳብዑን «ሎ» ተዪና ግዕዙን «ለ» በይ። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። እንግሊዝኛ ደካማ ቀለሞቹን የሚጥልባት ያቺ ደብዛዛ አናባቢ ለብዙ ሕዝብ ትከብዳለች። እኛ ግን ግዕዝና ሳድስ ሆሄያችን ለሷ በጣም ይቀርባሉ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንላት ኖረናል።

ጓደኞችሽ ጫናውን መሳታቸው አያስወቅስም። እንግሊዝኛ ጫናን አይጽፍም። እኛም ብንሆን የማንጽፈው ነገር አለን። «ገና» የሚለውን ስናነብ በዓሉ ከሆነ «ና» ትጠብቃለች፤ «ገና አልመጣም» ከሆነ ትላላለች። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው ነው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ በዚህ ይቸገራል። እኛ በጫና የምንቸገረው ልክ እንደሱ ነው። አገራችንም ይህን ነገር ከጥንት ያውቀዋል። በግዕዝ ንባብ ቤት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እየተባለ የሚጠናው የድምፅ መነሣትና መውደቅ ነው። ተማሪው ወዳቂውን እንደ ተነሽ ካነበበው የኔታ አስቁመው ያስደግሙታል። ለእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ጆሮ ነው የሚያስፈልግሽ።

ጫናው ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። እንደዚህ ረጅም በሆነ ቃል ውስጥ ትንንሽ ጫናዎች አሉ። ትልቁ «ጎ» ላይ ነው። ትንንሾቹ «ኦ»፣ «ራይ»ና «ላ» ላይ ናቸው። ቁጠሪያቸው፤ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ። አንድ እየዘለሉ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ቃሉ እንዲህ ይራመዳል፦ ኦቶ – ራይኖ – ላሪን – ጎለጂ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። የእያንዳንዱ ቁራጭ የመጀመሪያ ቀለም ከበድ ይላል፤ ቀሪው ቀለል ብሎ ያልፋል። የመጨረሻው ቁራጭ መጀመሪያ ከሁሉም ይከብዳል። ይህን ምት ካገኘሽ ምላስሽ አይተሳሰርም። የሚተሳሰረው ዘጠኙንም እኩል ለማለት ስትታገዪ ነው።

ከጤና ተማሪዎች ጋር አነባበብ ስሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እንዳንቺ የምታቀርበው ነበራት። ቃሉን እያነበበች ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እንድትመታ ነገርኳት። ዘጠኝ ጊዜ መታች። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ሁሉም እኩል። «ሪን» ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ፤ ቆመች። አሁን አራት ጊዜ ብቻ ምቺ አልኳት፤ ኦ፣ ራይ፣ ላ፣ ጎ ላይ። የቀረውን በመሃል አሳልፊው። በመጀመሪያ ሙከራ ተሳሳተች። በሦስተኛው ቃሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ጎ» ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ጠንከር ብሎ ወረደ፤ ማንም ሳይነግራት። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ደገመችው። አንቺም ዛሬ ማታ ሞክሪው።

ከዚያ በፊት ግን ከኋላ ወደፊት ገንቢው። እኔ ለማንኛውም ረጅም ቃል የማዘው መድኃኒት ይህ ነው። መጀመሪያ «ጂ» በይ። ከዚያ «ለጂ»። ከዚያ «ጎለጂ»፤ «ጎ»ን ከፍና ረዘም አድርጊያት። «ጎለጂ» ሳትጨናነቂ እስክትወጣ ድረስ አትለፊ። ቀጥሎ «ላሪን ጎለጂ»። ከዚያ «ራይኖ ላሪን ጎለጂ»። መጨረሻ ላይ «ኦቶ» ጨምሪ። ከፊት ስንጀምር ሁልጊዜ የምንሄደው ወደማናውቀው ነው፤ ድምፃችን እየደከመ፣ ጫናው እየጠፋ ይሄዳል። ከኋላ ስንጀምር የምንሄደው ወደተለማመድነው ነው። ትልቁም ጫና ያለው ከጭራው በኩል ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ይጸናል።

አንድ የሚያበረታሽ ነገር ልንገርሽ። ይህ ቃል ለኛ አፍ ተስማሚ ነው። በእንግሊዝኛ 19 ፊደል አለው፤ ሆኖም ተነባቢዎቹ አልተደራረቡም። «ራይ»ንና «ሪን»ን ትተሽ ሁሉም ቀለም እንደ ፊደል ገበታችን ነው። ኦ፣ ቶ፣ ኖ፣ ላ፣ ጎ፣ ለ፣ ጂ። የሚከብደን እንደ «ስትሬንግስ» ያለው ነው፤ ጥንካሬዎች ማለት። 9 ፊደል አለው፤ ቀለሙ ግን አንድ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የኛ ሰው ፊቱ «እ» ይጨምርና «እስትሬንግስ» ይላል። መሃሉም ላይ ሳድስ ያስገባል። አንዱ ቀለም ሦስት አራት ይሆናል። ርዝመት ሳይሆን መደራረብ ነው የሚያስቸግረን።

አሁን ወደ ድምፆቹ። «ራይ» የተጻፈችው በአር፣ በኤችና በአይ ነው። ኤቿ ድምፅ የላትም። ግሪኮች በቃል መጀመሪያ ያለችውን «ር» በትንፋሽ ይሏት ነበር፤ ሮማውያን ያንን ትንፋሽ ለማሳየት ኤች ጨመሩባት። ትንፋሹ ጠፋ፣ ፊደሏ ቀረች። አናባቢውም «ሪ» አይደለም፣ «ራይ» ነው። ራይናይቲስ እንደምትዪው። ስትጽፊ ደግሞ ተጠንቀቂ። ሄሞሬጅ ውስጥ ከኤቿ በፊት ሁለት አር አለ፤ እዚህ ግን አንድ ብቻ።

«ሪን» ላይ ያለችው ን ከ«ጎ» ፊት ስለቆመች ወደ ጉሮሮ ትሳባለች። ይህን አትለማመጂው፤ ታውቂዋለሽ። «ማንጎ» ወይም «እንግዳ» ስትዪ የምታወጫት ን እሷው ናት። «ላ» ደግሞ ከኛ ራብዕ ትንሽ ወደ «ሌ» ያዘነበለች ናት፤ አፍሽን ወደ ጎን ሳብ አድርጊ። «ኦ»ና «ኖ» መጨረሻቸው ላይ ከንፈር ይሰበሰባል፤ «ኦው»፣ «ኖው» እንደማለት። «ጎ» በእንግሊዝ አገር «ጎ» ናት፤ በአሜሪካ ወደ «ጋ» ትቀርባለች። የቱንም ብትዪ ትክክል ነሽ፤ ብቻ በአንድ ገለጻ ውስጥ አትቀያይሪ። ብዙ አሜሪካውያን «ቶ» ላይ ያለችውን ት አላልተው ወደ «ድ» ያስጠጓታል። አንቺ ጥርት አድርገሽ «ቶ» በያት። ብቻ አታጥብቂያት። እኛ ማጥበቅ ስለምንወድ ሳናውቀው «ት»ን እንጫናታለን። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ኤል ተደራርቦ ብታዪ እንኳ ላልቶ ነው የሚነበበው፤ ቶንሲላይቲስ ላይ እንደምታዪው።

አንድ ፊደል በዚህ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለት ዓይነት ይነበባል። «ጎ» እና «ጂ» የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። ከኋላው ኤ፣ ኦ ወይም ዩ ካለ «ግ» ነው። ኢ፣ አይ ወይም ዋይ ካለ፣ ከግሪክና ከላቲን በመጡ ቃላት «ጅ» ይሆናል። ይህን ከያዝሽ የማንቁርት ቤተሰብ በሙሉ ይከፈትልሻል። ላሪንክስ፣ ጫናው «ላ» ላይ። ላሪንጃይቲስ፣ የማንቁርት ብግነት፤ ፊደሏ «ጃ» ሆነች፣ ጫናውም «ጃይ» ላይ ሄደ። ለሪንጂየል፣ ጫናው «ሪን» ላይ፤ «ላ» ደክማ «ለ» ሆነች። ለሪንገስኮፕ፣ መሣሪያው፤ እሱም «ሪን» ላይ። ላሪንጎስከፒ፣ ምርመራው፤ ጫናው «ጎስ» ላይ፣ ከኋላ ሦስተኛ። አንድ ዘር ነው፤ ጭራው በተቀየረ ቁጥር ጫናው ይዘላል፣ አናባቢው ይጎላል ወይም ይደክማል። ፎቶግራፍ ብለሽ «ፎ» ላይ ትጫኛለሽ። ፎቶግራፊ ስትዪ ወደ «ቶ» ይሄዳል፤ ፎቶግራፊክ ስትዪ ወደ «ግራ»። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ላሪንክስን «ላርኒክስ» እያሉ ሲያገላብጡት ይሰማል። አንቺ ብቻ አይደለሽም።

ማንቁርትን ካነሣን አይቀር፣ ሕያው ሰው ሲያዜም የራሱን ማንቁርት በመስታወት አይቶ የመዘገበው ሐኪም አይደለም፤ የዘፈን አስተማሪ ነው። ማኑዌል ጋርሲያ ይባላል፤ ስፔናዊ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ጉሮሮውን ተመለከተ። በዓመቱ ያየውን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ድምፅ ለሚያስተምር ሰው ይህ ትልቅ ኩራት ነው። ለገለጻሽም መግቢያ ይሆንሻል።

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ «ራይኖ» የሚለውን አውጥተው «ኦቶላሪንጎሎጂ» ማለት የተለመደ ነው። ሰባት ቀለም ይሆናል፤ ጫናው ግን ከ«ጎ» አይነቃነቅም። ባለሙያውን ስትጠሪ «ኦቶራይኖላሪንጎለጂስት»፤ አሁንም «ጎ» ላይ። ወደ ቅጽል ሄዶ «ሎጂከል» ሲሆን ብቻ ጫናው ወደ «ሎ» ይሻገራል፤ እሱም ከኋላ ሦስተኛ ስለሆነ። ጓደኞችሽ «ሎ» ያሉት ምናልባት ያንን ሰምተው ይሆናል።

በገለጻው ቀን ቃሉን አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ላይ፣ ረጋ ብለሽ በሙሉ በዪው። ከፊቱ ትንሽ ትንፋሽ ውሰጂ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ምኅጻር የሆነውን «ኢ ኤን ቲ» እያልሽ ቀጥዪ፤ ሐኪሞቹም የሚሉት እንደዚያ ነው። ወረቀትሽ ላይ በፊደላችን ጻፊው፤ «ኦቶ ራይኖ ላሪን ጎለጂ» ብለሽ አራት ቦታ። «ጎ» ሥር ሁለት መስመር አስምሪ። «ሎ» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ዓይንሽ ካየው አፍሽ ይለዋል።

ለመለማመጃ ደግሞ የጨጓራ ሐኪሞችን ቃል ውሰጂ፦ ኢሶፈጎጋስትሮዱዎዲኖስከፒ። የምግብ መውረጃ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ በካሜራ ማየት ነው። 12 ቀለም አለው። «ፒ» ብለሽ ጀምሪ፤ ቀጥሎ «ከፒ»፤ ቀጥሎ «ኖስከፒ»፤ እዚያ ላይ ጫኚ።